አማቴ ከተራራ እንዳወረዱኝ

የካቲት 2

ሙሉ ቀን የሲሚንቶ ፋብሪካ ዓመታዊ ሪፖርት ሳርም ዋልኩ። ገጽ ሃምሳ አራት ላይ ድምሩ ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም። አቤት ደስታ። ማተሚያ ቤቱ የቀጠረኝ የሰው ስህተት እንድፈልግ ነው፤ በነጻም ቢሆን እሠራው ነበር። ለአለቃዬ ይህን አልነገርኩትም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳለች።

"አባዬ ወስኗል።"

ምኑን?

"ለዕረፍት ተራራ እንወጣለን። ሦስታችንም።"

ሦስታችንም ስትል ዓይኗን ወደ ሻንጣው መለሰች። አባቷ አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያንን ተራራ በጠመኔ ስንት ሺህ ጊዜ ስለውታል፤ እግራቸው ግን ረግጦት አያውቅም። "ሰባ ሳይሞላኝ" ብለዋል። ግንቦት ላይ ይሞላቸዋል።

እኔን ለምን ፈለጉኝ? ምሥክር ያስፈልጋቸው ይሆናል። ልጃቸውን ባገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ለተማሪ ያዘጋጁትን መጽሐፍ ረቂቅ "እስቲ እየው" ብለው ሰጡኝ። አየሁት። መቶ አርባ አንድ ቦታ በቀይ አርሜ መለስኩላቸው። "እስቲ እየው" ማለት "አመስግነኝ" ማለት እንደሆነ ማን ነገረኝ? ይኸው ስምንት ዓመት፣ ስሜ ቀይ እስክሪብቶው ነው። "ቀይ እስክሪብቶው ደህና ነው?" ይሏታል በስልክ። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

የካቲት 6

እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው። እኛ በመኪና ወጣን። ጠዋት ከከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ታችኛው ማረፊያ። አማቴ አንገታቸው ላይ የከፍታ መለኪያ አንጠልጥለው በየመታጠፊያው ያነባሉ። "ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።" "ሦስት ሺህ።" ሊፍት ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

"ጫፉስ?" አልኳቸው፣ ለጨዋነት ያህል።

"አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ሰባት። ሰባቷን አትርሳ።"

አስጎብኚው ቁጥብ ሰው ነው። ደንቡን በአንድ ትንፋሽ ነገረን። ውሃ ጠጡ። ቀስ በሉ። ራሱን ያመመው ይናገር። የታመመ ብቻውን አይወርድም፤ የሚደግፈው ሰው አብሮት ይወርዳል። አማቴ የመጨረሻዋን ደብተራቸው ላይ ጻፏት። ደንብ ይወዳሉ።

"የተራራ በሽታ የሚባለው" አሉ ደብተሩን እየከደኑ፣ "የጠባይ ጉድለት ነው።"

አስጎብኚው ጫማውን ማየት ጀመረ።

የካቲት 7

አምስት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ። ላይኛው ማረፊያ ደረስን። አራት ሺህ አንድ መቶ ሰባ፤ ተነግሮኛል። አማቴ ከፊት እንደ ወጣት፣ ባለቤቴ መሐል፣ እኔ ከኋላ... ከኋላም ኋላ። እዚህ አየሩ ንጹሕ ነው ይላሉ። ንጹሕ መሆኑንስ እንጃ፤ አየሩ ራሱ የለም።

ራሴን ትንሽ አመም ያደርገኛል።

የካቲት 8

ሞቻለሁ። ዝርዝሩ ነገ።

የካቲት 9

ዝርዝሩ፦ ራሴን በመጥረቢያ ይፈልጡኝ ነበር። የሾርባ ሽታ ሲመጣ እኔ ወደ ውጭ። አምስት ጊዜ። ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ ብዬ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ግማሹን አጥልቄ አረፍኩ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው የዓመት ፈቃዱን የሚያስቀምጠው።

አማቴ በር ላይ ቆመው በማንኪያቸው ወደ እኔ እያመለከቱ ለማረፊያው ወጥ ሠሪ አስረዷት። "ይህ የቢሮ ሳንባ ይባላል።"

ባለቤቴ ውሃ በማንኪያ ስትሰጠኝ ዋለች። "ትወርዳለህ?" አለችኝ ቀስ ብላ። ልቤ መውረድ ነበር፤ ነገር ግን ከወረድኩ እሳቸው ሌላ ስምንት ዓመት የሚያወሩት ያገኛሉ። አልወርድም አልኩ። ጀግንነት ይሏል ይሄ ነው፤ በባልዲ አጠገብ ተኝቶ እልህ።

አስጎብኚው ከሰዓት በኋላ አስነሣኝና የወለሉን አንዷን ጣውላ አሳየኝ። ተረከዝህን ከጣትህ እያስነካህ በዚች ላይ ሂድ አለኝ። ሄድኩ። "ይኼ ደህና ነው፤ ያልፍለታል" አለ። "ቀጥ ብሎ መሄድ ያቃተው ዕለት ነው የሚያስፈራው።"

አማቴ አጨበጨቡልኝ። ሾርባቸውን ግን አልጨረሱም።

የካቲት 10፣ ጠዋት

ታሪካዊ ቀን። በመጀመሪያ፣ ተሽሎኛል። ሁለት ቁራሽ ዳቦ በላሁ፤ እዚያው ሆዴ ውስጥ አለ። በሁለተኛ... ይህን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ቁርስ ላይ አማቴ ለወጥ ሠሪዋ፣ ነገ ስለሚወጡት ጫፍ ሲነግሯት፣ "አራት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ስድስት" አሉ።

ሰባት መቶ ሃያ ስድስት። ሰባቷና ስድስቷ ቦታ ተለዋውጠው። በማተሚያ ቤት በቀን አሥሬ የማገኛት ስህተት ናት። ከእሳቸው አፍ ግን... ስምንት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ሻዬን አስቀመጥኩ። አፌን ጠረግሁ። "ስድስት መቶ ሃያ ሰባት መሰለኝ፣ ጋሼ።"

አዩኝ። ቁጣውን ጠበቅሁ። ልክ ልኬን ሊነግሩኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ነው?" አሉ።

በቃ። ነው? ብቻ። ድሉ ጣዕም የለውም። ለምን? እንደገና ልየው... ሲነሡ ጠረጴዛውን ያዙ፤ ቀጥሎ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን። ጢማቸውን አልተላጩም። እሳቸው፣ ጢማቸውን ሳይላጩ ተማሪ ፊት ቆመው የማያውቁት። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል። ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ቆይ...

የቀኙን በግራ ነው ያደረጉት።

የካቲት 11፣ ከታች፣ ክሊኒክ

ትናንት ማስታወሻውን ጥዬ ሮጥኩ። በዚያ አየር መሮጥ ካለ።

አስጎብኚው አንድ ጊዜ አያቸውና ጣውላዋን አሳያቸው። "መምህር፣ እስቲ በዚች ላይ።" "የሰርከስ ሰው አይደለሁም" አሉ፤ ግን ሞከሩ። በሁለተኛው እርምጃ እጄ ላይ ወደቁ። ሣቁ። ሣቃቸው ከሁሉም ይበልጥ አስፈራኝ፤ የራሳቸው አልነበረም።

አስጎብኚው እኔንና ባለቤቴን ወደ ውጭ ጠራን። "መውረድ አለባቸው። አሁን።"

"ነገ ጠዋት ቢሆን?" አለች ባለቤቴ።

"እህቴ፣ ነገ ጠዋት ላይኖሩ ይችላሉ።"

ለመነቻቸው። እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው። "አርባ ዓመት" አሉ፣ ቃሉ ምላሳቸው ላይ እየተጎተተ። "አርባ ዓመት ለሌላ ሰው ልጅ አስተማርኩት። ነገ እዚያ ጫፍ ላይ ነኝ። የፈለገ ይውረድ።" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም። አየር ያጠረው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ያ ተራራ ብቻ ነው።

ተሸክመን ብናወርዳቸውስ? አስጎብኚው ራሱን ነቀነቀ። "መንገዱን አይተኸዋል። እዚያ ገደል ላይ ከታገሉን ሁላችንም እንቀራለን።"

እንግዲህ ምን ይደረጋል? በዕድሜዬ ተውኔት ሠርቼ አላውቅም። የቅርብ ጊዜ ልምድ ግን ነበረኝ። ደረጃው ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ራሴን ያዝኩ።

"ጋሼ... ተመለሰብኝ። አልቻልኩም። ያውርዱኝ።"

"አንተ ደግሞ አሁን..." ብላ ባለቤቴ ጀመረች። አስጎብኚው በክርኑ ነካት።

"የታመመ ብቻውን አይወርድም ተብሏል" አልኩ። "ጽፈውታል።"

አማቴ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ደብተሩን አወጡ፤ ገለጡ። ማንበባቸውን እንጃ። ከዚያ ቀና ብለው ጫፉን አዩት። ብዙ አዩት። ዳመና እንኳ አልነበረበትም፤ ምን ነበር ለአንድ ቀን ቢሸፈን?

"አላልኩም?" አሉ በመጨረሻ። "የጠባይ ጉድለት። ና፣ ክንዴን ያዝ።"

ያዝኩ። በሌላው ወገን አስጎብኚው ያዛቸው። ባለቤቴ ፊት ፊት እየሄደች ድንጋይ ታነሣለች። ማን ማንን ደግፎ እንደወረደ ተራራው ያውቃል። እኔ የማውቀው ለአራት ሰዓት ማቃሰቴን ነው። አንዴ መንገዱ ጠቦ እግራቸውን ሳይ ማቃሰቱን ረሳሁት። ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ተሻለህ እንዴ? እንመለስ?"

"ኧረ የለም ጋሼ... ወይኔ ራሴን..."

"አይዞህ። አይዞህ ልጄ። በአፍንጫህ ተንፍስ።"

ልጄ። ስምንት ዓመት መቶ አርባ አንዱን ስህተት ተሸክሜ ስኖር ያልሰማኋት ቃል፣ በውሸት በሽታ ተገኘች። አማትን ለማስደሰት መንገዱ ይሄ ከሆነ በሠርጌ ማግስት ራሴን ስቼ እወድቅ ነበር።

ታችኛው ማረፊያ መኪና ጠበቀን፤ ክሊኒክ ገባን። "በቅድሚያ እሱን" አሉ አማቴ፤ አልጋውን አልነካም ብለው ቆሙ። ነርሷ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቴ ላይ ሰካች። አየችው፤ አየችኝ።

"ይኼ ሰውዬ እኮ ምንም..."

አስጎብኚውን ኃይለኛ ሳል ያዘው። እንዲያ ሲያስል አይቼው አላውቅም። ነርሷ ግራ ገብቷት ወደ እሳቸው ዞረች፤ ጣታቸው ላይ ሰክታ ቁጥሩን ስታይ ማንንም ማስረዳት አላስፈለገም። ጭንብል አጠለቀችላቸው። መርፌ ወጓቸው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና ከጭንብሉ ሥር አንድ ነገር አሉ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ሰባት።"

ባለቤቴ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች።

"ትክክል" አልኩ። ለእኚህ ሰው ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 13

ሐኪሙ ከእንግዲህ ከፍታ የለም ብሏቸዋል። ዘንድሮም፣ ለከርሞም። አንገታቸው ላይ ያለውን መለኪያ አውልቀው ሻንጣ ውስጥ ከቱ።

"ይህ ልጅ ባይታመም ደርሼ ነበር" አሉት ሐኪሙን። ሐኪሙ እኔን አየኝ። ራሴን ያዝኩ። ልማድ ሆነ እንግዲህ።

ባለቤቴ መኪና ውስጥ፣ እሳቸው ከፊት ሲያንቀላፉ፣ "ንገረው እንጂ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ዕድሜ ልኩን ያወራብሃል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምን ልበላቸው? ሕይወትዎን አተረፍኩ? ተራራቸውንስ? አርባ ዓመት የሣሉትን ተራራ በአንድ ማቃሰት ወስጄባቸዋለሁ። ያውሩ።

መጋቢት 9

ቢሮ የሲሚንቶው ፋብሪካ የታረመውን መልሶ ልኳል። የገጽ ሃምሳ አራቱን ድምር ወደ ድሮ ስህተቱ መልሰውታል። ሰው እንደሆን አይማርም።

ምሳ አማቴ ቤት። ድሮ አብረዋቸው ያስተምሩ የነበሩ ሁለት ጓደኞቻቸው ተጋብዘዋል። ከመቀመጣችን በፊት መታጠቢያው ጋ እጄን ስታጠብ ፎጣ ይዘው ከኋላዬ መጡ። በሩን ገፋ አደረጉት።

"ያን ቀን" አሉ። "አላስመለስክም።"

ውሃውን ዘጋሁ። "አላስመለስኩም።"

"በመጀመሪያው እንደ ቧንቧ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"በሁለተኛው ደረቅ። ቀለምህም አልተለወጠም። ነርሷም ምንም የለበትም ልትል ነበር፤ ያ ባለሳሉ ሰው አቋረጣት።" ፎጣውን ሰጡኝ። "እኔ ፈታኝ ብሆን ግማሽ ማርክ ነበር የምሰጥህ።"

እጄን አደረቅሁ። ከደረቀም በኋላ አደረቅሁ። ትከሻዬን አንድ ጊዜ ጨበጥ አድርገው ወጡ።

ጠረጴዛ ላይ ጓደኞቻቸው ስለ ተራራው ጠየቁ። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ያለው መሰለ።

"ጫፉ ነገ ሊሆን ዛሬ ይህ ልጅ ታመመብኝ። ምን ላድርግ? ትቼው አልወጣ። በዚህ ክንዴ ደግፌ አራት ሰዓት አወረድኩት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመለሰ።"

አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁ። ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

"ሦስት ጊዜ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

አማቴ ማንኪያቸውን መልሰው አነሡ።

"ልማዱ ነው" አሏቸው ለእንግዶቹ። "ስህተት አያሳልፍም።"