የመምህር ይበልጣል ድምፅ

እሑድ

አሸነፍን! ሁለት ለአንድ! የዲጋ ቡድን ሰዎች በአይሱዙ ደጋፊ ጭነው፣ ከበሮ እየደበደቡ መጥተው፣ ከበሮአቸውን ታቅፈው ተመለሱ። እሰይ! ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ጫልቱ ለብ ያለ ውሃ በማር በጥብጣ ሰጠችኝና «ነገ አፍህን ዘግተህ ብትውል ለሰፈሩም እረፍት ነው» አለችኝ። ሚስቴ ናት፣ ምን አደርጋታለሁ።

አሁን ለሰው የማልናገረውን ልጻፍ። መምህር ይበልጣል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነው። የሰፈራችንን የጨለለቂን ልጆች ማሰልጠን ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ። ትጉ ነው፣ አይካድም። ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ሲጮህ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ኦሮምኛውም ገና ነው። ልጆቹ አማርኛ አይጠፋቸውም፤ ጨዋታው ሲጦፍና ትንፋሽ ሲያጥር ግን በኦሮምኛ ካልተጠሩ አንገታቸውን አያዞሩም። እኔ ደግሞ ወላጆቼ የሸዋ ሰዎች ቢሆኑም እዚሁ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ ጎሚስታ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከኮምፕሬሰር ጋር እየተሻማሁ ጮኼአለሁ። ስለዚህ በየጨዋታው ከመስመሩ ዳር አጠገቡ እቆማለሁ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጮሃለሁ።

በአሰልጣኝነቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ፦ አንድ፣ ፈሪ ነው። አንድ ጎል ካገባን በር ዘግቶ መተኛት ነው የሚወደው። ሁለት፣ ተጫዋች የሚቀይረው ሰው ሁሉ ምላሱን ካወጣ በኋላ ነው። ሦስት፣ ቶሌራን፣ አምበላችንን፣ ያንን የመሰለ ግንባር ያለውን ልጅ፣ ከኋላ አስሮ ያቆመዋል።

ዛሬ አንድ እኩል ነበርን። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው «ጋሽ ደምሴ፣ ተመለሱ ይበሏቸው፣ ኳሷን ይያዙ። በመለያ ምት እናልፋለን» አለኝ። የመለያ ምት! ልቤን ሊያቆመው ነው እንዴ? አፌን ከፈትኩና «ቶሌራ! ፉልዱራ! ፉልዱራ!» አልኩ። ወደ ፊት ሂድ አልኩት። ልጁ ከኋላ ተነስቶ ከነፈ፤ ከማዕዘን የተሻማችውን በግንባሩ ገጫት። ጎል!

ሕዝቡ ሜዳውን ጥሶ ገብቶ መምህሩን ተሸከመው። «ይቤ! ይቤ!» ይላል። ከትከሻ ላይ ሆኖ ወደ እኔ አየ። ጠቀስኩት። እሱ ግን አልጠቀሰኝም።

ሰኞ

ሥራ ቦታ ወሬው ሁሉ ስለ መምህሩ ነው። አንድ የጊምቢ ሾፌር ጎማውን እያስለጠፈ «ተከላካይ አሾልኮ ያስገባ! ይሄ ሰው ትልቅ ቡድን ይገባዋል» አለኝ። እኔ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ እፈልጋለሁ። ምን ልበል? ትንሽ ቆጨኝ፣ አልዋሽም። ጭንቅላቱ የኔ፣ ጭብጨባው የሱ።

ጫልቱ ምሳ ይዛ መጣችና ቁጭ ብላ አየችኝ። «ትናንት ከኋላህ ነበርኩ። እሱ በእጁ ተመለሱ እያለ፣ አንተ ፉልዱራ ትላለህ። ማል ጎቴ?» ምን አደረግህ መሆኑ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሄዱት፣ አልኳት። «ደምሴ!» አለች። ስሜን ብቻ። ከዚያ ሳህኑን ሰብስባ ሄደች።

እንግዲህ ሠርቷል አይደል? ከሠራ ምን ችግር አለው።

ረቡዕ

ተሸነፍን። በግማሽ ፍጻሜ። በሲሬ ቡድን።

መጻፍም አስጠላኝ፤ ግን ካልጻፍኩት ይታነቀኛል። እስከ መጨረሻው አካባቢ አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። የመምህሩ ልጆች አጥር ሆነው ቆመው፣ ሲሬዎች መግቢያ አጥተው እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ። መምህሩ እጄን ያዘና «ይበቃናል ጋሽ ደምሴ። ቶሌራ እንዳይወጣ። አደራ፣ ቶሌራ እንዳይወጣ ይበሉልኝ» አለኝ። አደራ ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ።

እኔ ደግሞ የእሑዷ ጎል አናቴ ላይ ወጥታለች። ሁለተኛ እናግባና ይለይለት አልኩ። «ቶሌራ! ፉልዱራ!»

ቶሌራ ወጣ። ኳሷን ነጠቁት። የተወው ቦታ እንደ አውራ ጎዳና ተከፍቶ ጠበቃቸው። አንድ እኩል። ልጆቹ ተደናገጡ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ጠፋቸው። ወዲያው ሁለተኛውን ጨመሩልን። አለቀ።

ከዚያማ ስድቡ ወረደ። «ይበልጣል ይውጣ! እየመራን ተከላካይ የሚልክ! ድንቄም አሰልጣኝ!» የውሃ ላስቲክ ወርውረው ትከሻውን መቱት። ኮኖቹን ይሰበስባል። እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ?

ሐሙስ

የማይረባ ቀን። የሚኒባስ ጎማ ሳላጠብቅ ልለቅ ስል ሾፌሩ ደረሰብኝ። «ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ። የለኝም።

ሰው ሁሉ መምህሩን ያማል። አንዱ ፈሪ ነበር፣ አሁን ደግሞ እብድ ሆነ ይላል። ሌላው ከሲሬ ጋር ተነጋግሮ ነው አለ። ውይ! እዚህ ላይ ክሪኩን ወርውሬ ተነሳሁ፣ «አፍህን ያዝ፣ ሰውየው ንጹሕ ነው!» አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ በላይ ግን አልተናገርኩም፤ ቁጭ ብዬ ብሎን ፈታሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ቶሌራ ባጃጁን እየገፋ መጣ። የኋላ ጎማው ተንፍሷል። ዓይኑ አብጧል። ስለጥፍለት አጠገቤ ተቀመጠና «ኦቦ ደምሴ፣ አሰልጣኙ ለምን ውጣ አለኝ? ምን አስቦ ነው?» አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። «እንጃ» አልኩ። እንጃ! ልጁ ደግሞ አመስግኖኝ ሄደ። ከዚህ የከፋ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ዓርብ

በቀበሌው አዳራሽ ግምገማ ተደረገ። የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ፈይሳ ከፊት ተቀምጠው «ሁሉም ያለ ይሉኝታ ይናገር» አሉ። እኛ ሰፈር ይሉኝታ የሚጠፋው ኳስ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ እየተነሱ ወገሩት።

መምህሩ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ተነሳና በዚያች በማትሰማ ድምፁ «ስህተቱ የኔ ነው። ሜዳ ላይ የሚባለው ሁሉ የኔ ኃላፊነት ነው» አለ። ወደ እኔ አላየም። እጄን አወጣሁ። አሁን ልናገር ነው ብዬ ነው፣ እግዜር ያውቃል! ዕድል ተሰጠኝ። «መምህሩ… ትጉ ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል» ብዬ ተቀመጥኩ። ይኼው ነው የተናገርኩት።

ተወሰነ፤ ከቡድኑ ይነሳ። እሑድ ለሦስተኛ ደረጃ ከጉቴ ጋር የሚደረገውን ጨዋታ ማን ይምራ ሲባል ኦቦ ፈይሳ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ ሰው ኳስ ያውቃል። ልጆቹም ድምፁን ለምደውታል። ደምሴ ይያዝ።» አዳራሹ አጨበጨበ።

እሺ አልኩ። እሺ! ምን ነካኝ? ዕድሜ ልኬን እኔ ብሆን ኖሮ ስል ቆይቼ ሲሰጡኝ እንቢ ማለት ሞት መሰለኝ። ጫልቱ ስትሰማ እንኳን ደስ አለህም፣ አፈርኩብህም አላለችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ቅዳሜ

ጠዋት መምህሩ ተከራይቶ የሚኖርበት ግቢ ሄድኩ። ምን ሲያደርግ ባገኘው ጥሩ ነው? የቡድኑን ማሊያ ሲያጥብ። ትናንት ያባረረውን ቡድን ማሊያ! «ነገ ይለብሱታል፤ ከነጭቃው እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ። አንዱን ጫፍ ያዝኩለት፤ እሱ ወደዚያ እኔ ወደዚህ እየጠመዘዝን ነገርኩት። ሁለቱንም ጨዋታ፣ አንድም ሳልደብቅ።

አልደነገጠም። «ጋሽ ደምሴ፣ ፉልዱራን የማላውቅ መስሎዎት ነው? ባጃጅ ስሳፈር መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እኮ ነው» አለ።

ክው አልኩ። ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተቆጣኸኝም? አልኩት።

ማሊያውን አራግፎ ገመዱ ላይ ሰቀለ። «ጎል ሆነቻ። ሰው ተሸከመኝ፣ ይቤ አለኝ። እዚህ ከመጣሁ ሁሉም መምህር ነው የሚለኝ፤ በስሜ የተጠራሁት ያን ዕለት ነው። እኔ አላዘዝኩም ልበል? ጣፈጠኝ። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሲጮሁ ሰማሁዎት። እጅዎን ይዤ ማስቆም እችል ነበር። ምናልባት ይሠራ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እና እኔም የለሁበትም አልልም።»

ከዚያ የነገረኝ ነው አጥንቴ ድረስ የገባው። ወደ አገሩ ለመዛወር አመልክቶ ነበር። ዲጋን ባሸነፍን ዕለት ለእናቱ ደውሎ «ማመልከቻዬን ላነሳ ነው፣ ሰዉ ወዶኛል፣ እቆያለሁ» አላት። አሁን ግን ማንሳቱን ትቶታል። ዝውውሩ ሲመጣ ይሄዳል።

ነገ ለሁሉም እናገራለሁ አልኩት። «ከጨዋታው በፊት ግን እንዳይናገሩ፤ ልጆቹ ይረበሻሉ» አለኝ። ተባሮም ለልጆቹ ነው የሚያስበው። ወይ እኔ! ይህን ሰው ነው ፈሪ ነው እያልኩ የኖርኩት።

እሑድ

አሰልጣኝ ሆኜ ዋልኩ። አያድርስ ነው። ከዳር ሆኖ የሚታየው ሁሉ አሰልጣኝ ሲሆኑ አይታይም። ኳሷን ልይ? ልጆቹን ልይ? ዳኛውን ልሳደብ? ማን እንደደከመ ሳልለይ ግማሹ አለቀ። ቅያሪ ቀድሜ አደርጋለሁ ስል የኖርኩት ሰውዬ ማንን ላስወጣ ብዬ አሥራ አንዱንም በጣቴ ቆጠርኩ።

ከእረፍት በኋላ አገባን። አንድ ለዜሮ። ጉቴዎች እንደ ንብ ተነሱብን። ዞር ስል መምህሩ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ከሕዝቡ ኋላ ቆሟል። አይመጣም ብዬ ነበር። ሜዳውን ትቼ ሮጥኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። «ምን ልበላቸው?»

«ይመለሱ። ኳሷን ይያዙ። ቶሌራ እንዳይወጣ።»

ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር አሁንም ፉልዱራ ይላል፤ ይህን አልክድም። ተመልሼ መስመሩ ላይ ቆምኩና አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ «ዴቢኣ! ተመለሱ! ቶሌራ፣ ዴቢኢ!» አልኩ። ተመለሱ። ቆሙ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ የሚያስተኛ ነበር። እንደዚያ የሚያምር ጨዋታ አላየሁም።

አለቀ፣ አሸነፍን። እኔን ተሸከሙኝ! ከላይ ሆኜ በሁለቱም ቋንቋ ጮህኩ። «የሱ ነው! ያሸነፈው መምህር ይበልጣል ነው! ረቡዕም ያስሸነፍኳችሁ እኔ ነኝ፣ ቶሌራን የላክሁት እኔ ነኝ!» ሳቁ። «ኦቦ ደምሴ፣ ምን ያለ ትሑት ሰው ነው!» ይላሉ። አውርዱኝ ብል ማን ይስማኝ? ወደ ባሕር ዛፎቹ ሳይ መምህሩ ሄዷል።

ሰኞ

ጎሚስታ ቤቱን ሳልከፍት ኦቦ ፈይሳ ቤት ሄድኩ። ረጋ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «አንተ የተባረክ ሰው። የሰው ጥፋት ልትሸከም ትፈልጋለህ። ተው፣ ውሳኔው ተወስኗል። የሚመጣው ዓመትም አንተ ነህ የምትይዘው» አሉ። ኧረ በፈጠረዎት ብል፣ ብምል፣ ወይ ፍንክች። ውሸቴን ቢሆን ወዲያው ይቀበሉኝ ነበር።

ቀጥሎ ቶሌራን ከባጃጅ ተራ ጠርቼ ነገርኩት። እሱ አመነኝ። ጥርሱን ነክሶ «ሐሙስ ዕለት ጠይቄዎት ነበር» አለ። ይህችን ብቻ። ያለ ሰላምታ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ሁልጊዜ ነጋቲ፣ ደህና ይሁኑ፣ ሳይለኝ የማይሄድ ልጅ። ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ተጫዋቾቹ በሙሉ ቶሌራን ተከትለው መምህሩ ቤት እንደሄዱ ጫልቱ ሰምታ መጣች። አሰልጣኛችን አንተ ነህ፣ ኮሚቴውን እኛ እናናግራለን አሉት አሉ። እኔን አልጠሩኝም። የልጆቹ ልብ ከኔ እንደሸሸ ገባኝ። ደግ አደረጉ።

ልዘጋ ስል መምህሩ ራሱ ከደጃፍ ቆመ። የቡድኑን ኳስ ይዟል። ይተነፍሳል፣ ይንፉልኝ አለ። ነፋሁለት። ኳሷን አንጥሮ አያትና «ሐሙስ ልምምድ አለ። ድምፅዎን ይዘው ይምጡ» አለኝ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። «ሐሳብዎን ግን ቤት ይተዉት።»

ሳቅኩ። ዓይኔ ግን አልሳቀም። ዝውውሩስ? ትቆያለህ ወይ? አልኩት።

«እስከ ሐሙስ አለሁ» አለኝና ሄደ።