ፊውዙ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር

ውድ ጋሼ፣

ስትስቅ ጎንህን እንደሚያምህ ባለቤትህ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ይህን ስታነብ እንዳትስቅብኝ።

ትናንት ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «በጊዜ ውስጥ መጓዝ ብትችሉ የት ትሄዳላችሁ?» ይላል። እሷ ዳይኖሰር ልታይ ትሄዳለች። እናቷ ደግሞ «የሠርጌ ዕለት ሄጄ ያቺን ፀጉር ሠሪ አባርራለሁ» አለች። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ «የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ» አልኩ።

«አባዬ ደግሞ! ያን ጊዜማ እኔም ነበርኩ፤ ራቅ በል እንጂ!» አለችኝ።

ከዚያ ማክሰኞ መራቅ ግን አልቻልኩም። እኔና አንተ አብረን አሳንሰር ስንጠግን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው። የአሳንሰሩ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ሰው፣ አሳንሰሩ እንዳይንቀሳቀስ ፊውዙን ነቅሎ በራሱ ኪስ ይይዛል። «ነፍስህን ለሰው አታስይዝ» ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን የቱታህ ኪስ ተቀዶ ነበርና «እንካ፣ አንተና እኔ አንድ ነን» ብለህ ሰጠኸኝ።

የሕንፃው ጥበቃ «ሰው በደረጃ አለቀ እኮ፣ ገና ናችሁ?» እያለ ይነዘንዘኛል። ታች በር ሲዘጋ ሰማሁና ከጉድጓዱ የወጣህ መሰለኝ። ለካ በሩን የዘጋችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አንድ ጊዜ «ጋሼ!» ብዬ እንኳ ሳልጣራ ፊውዙን ቦታው መለስኩት፤ አሳንሰሩም ወረደብህ። ጩኸትህ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በሐሳቤ ስንቴ ተመላለስኩ መሰለህ። አንዴ የራሴን እጅ ለቀም አደርገዋለሁ፤ አንዴ መርፌና ክር ይዤ ሄጄ ኪስህን እሰፋለሁ። ሁልጊዜ ግን ጉዞዬ የሚያልቀው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ኃላፊያችን «ፊውዙስ?» ሲል አንተ ቃሬዛ ላይ ሆነህ «ረስቼ ሳልነቅለው ገባሁ» አልክ። ከዚያ አየኸኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ጋሼ፣ የፊውዙ ነገር ስህተት ነው። ያ ዝምታ ግን ስህተት አልነበረም፤ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።

ነገ ሦስት ሰዓት አደጋውን የሚያጣራው ኮሚቴ የሥራ ፈቃድህን ሊነጥቅህ ይሰበሰባል፤ እኔም ምስክር ነኝ። «ልጅ አለው፣ ዝም ይበል» ብለህ ልከህብኛል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን ከተዘጋ ወዲህ እህልም አልገባ ብሎታል። ፈርቻለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም።

ወደ ኋላ የሚወስደኝ ነገር የለም። ያቺ የኮሪደሩ ጥያቄ ግን ነገ በራሷ እግር ተመልሳ ትመጣለች። አሁን እውነቱን ተናግሬ እመልሳታለሁ፤ እንዳትቆጣኝ።

ቱታህን ከሚስትህ ተቀብዬ ኪሱን ሰፍቼዋለሁ። ስፌቱ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ግን ይይዛል። ድነህ ሥራ ስትመለስ እኔ አጠገብህ ላልኖር እችላለሁ። ብኖርም እንኳ ፊውዙን ለእኔ አትስጠኝ።

ታናሽ ወንድምህ