ከካርቶኑ ቁረጥ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የስፌት መኪናው ፔዳል እያሳበጠው አስቸግሮሻል ሲባል ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም፤ እማዬ ናት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ ወርዷል። ሐኪሙ «አትቆጣ» ሲለኝ ተቆጥቼ ወጥቼ ነበር፤ ለካ ልክ ነበረ። ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፌ ኖሬ ዛሬ ስለ ጉልበት መጠየቄ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ሳቂ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ሥራዬ ነው። «ደግሞ በኮምፒውተሩ ሊያደርቀኝ ነው» እንዳትይ፤ ነገሩ አንቺንም ይነካል።

የዓይን ሆስፒታሉን የቀጠሮ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። የቀጠሮው ቀን በሁለት በር ይወጣል። አንዱ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የምታየው ገጽ ነው፤ ቁልፉን ስትጫን ጥያቄዋን ተቀብሎ ቀኑን የሚያወጣላትን የኮድ ክፍል ኮንትሮለር እንለዋለን። ሌላው ከበስተጀርባ ይሠራል፤ ማንም ሳይነካው በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣና ለሕመምተኞች ስልክ መልእክት ይልካል። መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ሳምንቱና ሐኪሙ ብቻ ነው። የትኛው ሐኪም በየትኛው ቀን ቀዶ ጥገና እንደሚሠራ የሚናገር ደንብ አለ፤ ሁለቱም በዚያ ደንብ ቀኑን በየፊናቸው ያሰሉታል።

ባለፈው ወር አዲስ የተቀጠረች ፕሮግራመር መጣች። ጥያቄዋ ስለማያልቅ «ወይዘሪት ለምን» ብዬ ስም አወጣሁላት። አንድ ቀን ጠዋት ገና ኮቴን ሳላወልቅ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ደንብ ለምንድን ነው ሁለት ቦታ የተጻፈው? አሥራ አራት መስመር ነው፣ ከአንዷ መስመር በቀር ቁርጥ አንድ ነው» አለችኝ።

ታውቂኝ የለ! ከመሬት ተነሥቼ ቱግ አልኩ። «የትኛው ሰነፍ ነው የገለበጠው?» አልኩ። መሐል ክፍሉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰበሰብኳቸውና አስተማርኳቸው። ደንብ አንድ ቤት ይኑረው፣ ኮንትሮለሩም ከበስተጀርባ የሚሠራውም እዚያ ሄደው ይጠይቁት፣ የተገለበጠ ደንብ ውሎ አድሮ ሌላ ደንብ ይሆናል አልኩ። ሳላስፈቅድሽ አንቺንም ጠቀስኩ። «እህቴ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኮሌታን በኮሌታ ለክታ ቆርጣ አታውቅም። ሁልጊዜ ልኩ ከተቀረጸበት ከካርቶኑ ነው። ኮሌታን በኮሌታ ከቆረጥክ በየጊዜው በመቀስ ስፋት ያድጋል፣ አሥረኛው ለአንገት መሆኑ ቀርቶ ለወገብ ይሆናል ትላለች» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «በይ መዝገቡን ክፈቺና ባለቤቱን እንየው» አልኳት። በእኛ ሥራ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈውና መቼ እንደጻፈው ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ከፈተችው። ከፈተችና አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየች። «ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ እኔ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ብላ ውልቅ አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሻይ ጠማቸው። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ ብል ስሜ ቁጭ ብሏል። ከግልባጩ በላይ በራሴ እጅ «ለጊዜው ነው፤ በኋላ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል» የሚል ማስታወሻ ጽፌያለሁ። ያ «ለጊዜው» ስድስት ዓመት ሆኖታል።

የምትለየዋን መስመር አየኋት። ከሦስት ዓመት በፊት አንዱ ሐኪም የቀዶ ጥገና ቀኑን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ ሲያዞር ኮንትሮለሩ ላይ አስተካከልኩት፤ ግልባጩን ረሳሁት። የካርድ ክፍሉ ገጽ ማክሰኞ ይላል፣ ስልክ ላይ የሚደርሰው መልእክት ሐሙስ ይላል። ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ስለሄደ ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ።

የትኛው ሳምንት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እትዬ።

እማዬን ደግፈሽ ሐሙስ ጠዋት መጣሽ። «ቀጠሯችሁ እኮ ማክሰኞ አለፈ» ተባልሽ። አስጠራሽኝ። ወርጄ ስክሪኑን አየሁና ያ ሁሉ ወረፋ ጠባቂ አግዳሚው ላይ ተደርድሮ እየሰማ፣ «ኮምፒውተር አይዋሽም፤ ሁለት መስመር ማንበብ ያቃተሽ አንቺ ነሽ» አልኩሽ። አንቺ «ሐሙስ ነው የሚለው» ብቻ አልሽ። የዘረጋሽልኝን ስልክ እንኳ አላየሁትም። እማዬ ተራዋ እንደገና እስኪደርስ አምስት ወር ግድግዳ እየዳሰሰች ኖረች። አንቺም እኔ ባለሁበት መምጣት ተውሽ።

ስንት ሰው እንዳጉላላሁ ላጣራ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ ለዳይሬክተሩ አቀረብኩ። እንዳሰብኩት አልጮኸብኝም፤ እኔ ብሆን እጮህ ነበር። ለአሥራ ስምንቱ የይቅርታ ደብዳቤ ከሆስፒታሉ ወጥቷል። አሥራ ዘጠነኛው ይኼ ነው።

የአቤቱታውን ፋይል ሳገላብጥ በዚያው ሳምንት የገባች አንዲት ወረቀት አገኘሁ። መልእክቱ ቃል በቃል ተገልብጦባታል፣ ሐሙስ ይላል። ስም የላትም። ጠርዟ ጨርቅ እንዳይተረተር በሚቆረጥበት፣ ጥርስ ጥርስ ባለው መቀስ የተቆረጠ ነው። ከሥሯ የመዝገብ ቤቱ ሰው «አመልካቿ በማግስቱ ተመልሰው፣ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ከሥራው የሚነሣ ከሆነ አቤቱታዬ ይቅር ብለው ትተውታል» ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ወረቀቷን ወደ ቦታዋ መለስኩና ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ደንቡን ከወይዘሪት ለምን ጋር በአራት ቀን ወደ አንድ ቦታ ሰበሰብነው። አሁን ኮንትሮለሩም ከበስተጀርባ የሚሠራውም ከእሱ ይጠይቃሉ። ፋይሉን «ካርቶን» ብላ የሰየመችው እሷ ናት። ሰኞ ዕለት ለሙከራ አንድ ቀን ቀየርን፤ ሁለቱም በር አንድ ቀን ተናገረ። ምሳዬን ሳልነጫነጭ ስለበላሁ ቢሮው «ጋሼ አመማቸው» ብሎ ሰግቶ ነበር።

እማዬ ዓይኗ ደህና ነው፤ እንዲያውም በዛ። «የሸሚዝህን ሦስተኛ ቁልፍ በሰማያዊ ክር የተከለልህ ማን ነው?» ትለኛለች ከበሩ ላይ ሆና። ይህን ሁሉ ስነግራት «እኔ ምን አውቄ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

ልመጣ እፈልጋለሁ። ሸሚዙንም አመጣዋለሁ፣ ቁልፉ ይስተካከል። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳ አይጣ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ቀኑን አንቺ ቁረጪና ላኪብኝ። ሐሙስ ካልሽ ሐሙስ ነው።

ያስቸገረሽ ታናሽ ወንድምሽ