በአደይ አበባ ላይ ስለተከፈለው የኑግ ድጎማ

ለወረዳችን የቅባት እህል ድጎማ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማሳ መመዝገብ ወገብ እንደሚይዝ ስለምገምት ከልብ አሳስቦኛል። እኔ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ሥራ ስፈልግ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ ቤተሰቦቼ ግን በእርስዎ ወረዳ ኑግ የሚዘሩ ሰው ነኝ። አራት ዓመት የተማርኩት ሁሉ ስሕተት መሆኑን ኮሚቴዎ ስላስተማረኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ፍጥነታችሁ። ለመስቀል ከተማ መድረስ ነበረባችሁና፣ የዘንድሮ ኑግ አምራቾችን በመስከረም አጋማሽ፣ ከመኪና ሳትወርዱ፣ በግማሽ ቀን መዝግባችሁ ጨረሳችሁ። ቢጫ ያበበ መሬት ሁሉ ኑግ ተባለ። በመስከረም አገሩን ቢጫ የሚያደርገው አደይ አበባ መሆኑን፣ ኑግ ግን ገና ቅጠል ሆኖ ጥቅምትን እንደሚጠብቅ እንኳን ባለሙያ ሕፃንም ያውቃል፤ ለእንቁጣጣሽ የሚለቅመው እሱን አይደል?

፪. ፀዳ ቀበሌ የሚኖሩት አቶ ዕንባቆም መሬታቸውን ጦም ካሳደሩት ሦስት ዓመት ሆኗል። አደይ እንደ ጉድ ስለወጣበት ግን ሞዴል ኑግ አምራች ተብለው ድጎማው ተከፈላቸው። ሰውዬው ራሳቸው ደንግጠው ቢደውሉ፣ ከቢሮዎ ስለ ትሕትናቸው ተመሰገኑ አሉ።

፫. አክስቴ ወይዘሮ የትነበርሽ ሦስት ጊዜ ያረሱት፣ ሁለት ጊዜ ያረሙት የኑግ ማሳ በመዝገባችሁ ላይ «አረም» ተብሎ ሰፍሯል። በጥቅምት ማሳው ከዳር እስከ ዳር ሲያብብ ከጎረቤታችን ከአያ አድማሴ ጋር በእግራቸው ቢሮዎ ድረስ መጥተው፣ አንድ ሰው ወርዶ እንዲያይላቸው ለመኑ። ባለሙያዎ ቀና ሳይል፣ «እማማ፣ ያበቡት ሁሉ በመስከረም ተመዝግበዋል» ብሎ ሸኛቸው። አያ አድማሴ እስካሁን «ምነው፣ የዚያ ልጅ አገሩ የት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። የት ልበላቸው?

ቅሬታዬ ሰባት ነበር፤ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ከመኪና የመውረድ ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ አራቱን ትቼላችኋለሁ።

አክስቴ ድጎማውን ተስፋ አድርገው የዘርና የማዳበሪያ ብድር ወስደው ነበር። ኑጉ ተሽጦም ስለማይሞላ በመጪው ቅዳሜ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ገበያ ያወጣሉ። ለኮሚቴው አዲስ ነገር ካልሆነ፣ በሬ የሚጠመደው ሁለት ሆኖ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት መሬታቸው ጦም ያድራል፤ አደይ ይወጣበታል፤ ያን ጊዜ ድጎማው ይደርሳቸዋል። አርቃችሁ በማሰባችሁ ተደንቄአለሁ።

ማሳ ወርዶ የሚያይ ሰው ያጣችሁ እንደሆነም እኔ አለሁ። በእግሬ እሄዳለሁ፤ መኪናው ለእናንተ ይቅር።

የመኪናችሁን መስታወት ጥራት ሳደንቅ የምኖር፣ የመዝገባችሁም ታማኝ አንባቢ፣
ሕይወት እንኳየሁ
ማራኪ፣ ጎንደር፣ ታኅሣሥ

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤው ጋር ሁለት ቋጠሮ ልኬያለሁ። በአንዱ የአክስቴ ኑግ፣ በሌላው ከአቶ ዕንባቆም መሬት የለቀምኩት የአደይ ዘር አለ። በዓይን መለየት ቢያቅታችሁ አትፈሩ፤ ሁለቱንም ወቅጣችሁ ጭመቁ፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ዘይት የወጣው የወይዘሮ የትነበርሽ ነው። እስከ ዓርብ ከደረሳችሁበት፣ በሬው ከበረት አይወጣም።