እስከ እማ በር የምትደርስ ፒካፕ

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሃያ ባልዲ ቀለም ሜክሲኮ ሱቄ አደረስኩ። ፒካፗ ከኋላ ቁጭ ብላ፣ አፍንጫዋን ሰቅላ… ፍጥነት መቀነሻ ባለፍኩ ቁጥር ከሥር የተንጠለጠለችው ስኮርታ ጎማ አስፋልቱን ትፍቃለች። ድምፁን ለምጄዋለሁ። ሰው ምን የማይለምደው አለ?

ከሰዓት ወራቤ ገጠር ላለችው እማ ደወልኩ። የቆየው የዓይኗ ሞራ ብሶበታል። ግራው ጭራሽ፣ ቀኙ ጥላ ብቻ። እዚህ አምጣት፣ ይገፈፋል ብሎኛል ሐኪሙ። መልሷ ያው ነው።

«መኪናህ በሬ ድረስ ትምጣና እሳፈራለሁ። በቃሬዛ ግን ሁለተኛ ከቤቴ አልወጣም።»

ካቻምና በጠና ታማ ልወስዳት ሄጄ፣ መኪናዬ መንደሩ መግቢያ ያለችው ወንዝ ጋ ጭራዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረች። ጎረምሶች እማን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። መንገድ ላይ ያየ ሁሉ የሞተች መስሎት አለቀሰ። እሷ ተሸፍና እየሰማች! «በቁሜ ተለቀሰብኝ» ትላለች እስከ ዛሬ።

ቤትሽን ላስቀባልሽ ስላትም «ለማላየው ቀለም?» አለችኝ። የቀለም ነጋዴ ልጅ ወልዳ…

አገር ቤት የምንገባበት አረፋ አንድ ወር ቀረው። ዘንድሮ በሯ ድረስ እገባለሁ። በቃ፣ ጻፍኩት።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ሶማሌ ተራ ዋልኩ። አብሮ አደጌ ሱፍያን መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር ደረደረልኝ። አንዱ ጡብ የሚያህል ድፍን ብረት። የኋላ ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክሱልና ጭነቱን በሚሸከመው ባሌስትራ መሐል ይገባል። ሁለተኛው የባሌስትራው ጫፍ የሚንጠለጠልበት፣ ከነባሩ ረዘም ያለ ብረት። ሦስተኛው አንድ ወፍራም ነጠላ ባሌስትራ፣ ከነባሮቹ ጋር የሚደረብ።

«የቱ ይሻለኛል?»

«ጀለሴ፣ ሦስቱንም ውሰድ፣ ትበርልሃለች!»

ነጋዴ!

እኔ ጡቡ ብረት አማረኝ። ቀላል ነው፣ አራት ጣት ከፍ ያደርጋል። ሳዲያ በስልክ ጮኸችብኝ። «ፍሬምናጦስን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ!» ሚስቴ ከኔ ይልቅ መካኒኩን ታምናለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ፍሬምናጦስ መኪናዋ ሥር ገብቶ ተኛ። ለግማሽ ሰዓት እግሩ ብቻ ይታየኛል። ወጣ።

«ባሌስትራህ ደክሟል። ቀስት መሆን ሲገባው ማስመሪያ ሆኗል።»

«ብረቱን ብንጨምርለትስ?»

«የደከመ ሰው ታኮ ጫማ ብታደርግለት ይበረታል?»

አሳቀኝ። ነገሩ ግን ገባኝ። ብረቱ ከፍ ያደርጋል፣ አያጠነክርም። ረጅሙ ማንጠልጠያም ያው ነው። ነጠላው ባሌስትራ ግን ሁለቱንም ያደርጋል። ደግሞ «አክሱሉ እንደሆነ አይነሳም፣ እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ነው። የሚነሳው ጭራዋ ነው» አለኝ። የኔስ ችግር ጭራዋ አይደል? ንዝረቱን የሚያበርደው ሾካብዞርበሩም ረዘም ባለ መቀየር አለበት፣ አለዚያ ተወጥሮ ይቀራል።

ከዚያ ጠየቀኝ።

«ስትሄድ ምን ትጭናለህ?»

«ትንሽ ስኳር፣ ሩዝ።»

«ስትመለስስ?»

«እናቴን።»

«እሷን ብቻ?»

«እሷን ብቻ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ባሌስትራ ጭነት ነው የሚወደው። ባዶዋን ከሆነች ትዘላለች። ኋላ እንዳትወቅሰኝ።»

ትዝለላ! ድንጋዩን ትለፍልኝ እንጂ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ነጠላው ባሌስትራ ገባላት! ከመሬት እስከ ኋላ መከላከያዋ በእጄ ለካሁ። አምስት ጣት ጨምራለች። ፍሬምናጦስን አቅፌ ሳምኩት፣ ግራሶ በግራሶ ሆንኩ። ሳዲያ ሸሚዙን አይታ… ተዉት።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ከብሎካችን ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችን ነጋ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ሙስአብ፣ መኪናህ ምን ጠፍቶባት ነው መሬት የምታሸተው?» ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው፣ ኋላዋ ተሰቅሎ ፊቷ ተደፍቷል።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሳዲያ ሠላሳ እንቁላል ከኋላ ጭና ከሜክሲኮ ቤት መጣን። አሥራ አንዱ ተሰበረ። ካርቶኑን ብቻ ከፍታ አሳየችኝ።

እማ ወገቧን ያማታል። መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር… በዚህ? በሯ ድረስ ደርሼ አጥንቷን ላፈርስ ነው? ፈራሁ። እውነት ፈራሁ። ፍሬምናጦስ ደግሞ ነግሮኛል፣ ማንን ልውቀስ?

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ደረስኩ!!!

ከወራቤ አስፋልቱን ለቀን፣ ጭቃው እንዳለ ነው። ወንዟ ጋ ስደርስ ማርሽ ቀነስኩ። ገባሁ። ድንጋዩን… ድምፁን ጠበቅሁ… ምንም! ልጃችን ሰሚራ ከኋላ ወንበር «አለፍን! አለፍን!» ብላ ጆሮዬን አደነቆረችው።

እማ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ በሯ ላይ ቆማለች። መኪናዋን መዳበስ ጀመረች። ኮፈኑን፣ መስታወቱን፣ መዝጊያውን።

«እውነት በሬ ላይ ናት?»

«እጅሽን ዘርጊያ እማ።»

አንድ እጇ በሯ ላይ፣ አንድ እጇ መኪናዬ ላይ። ሁለቱንም ይዛ ቆመች። እኔ አለቀስኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ሞኙ እኔ! ለፍሬምናጦስ «እናቴን ብቻ» አልኩት። ከዚያ አገር ተወልጄ፣ ከአረፋ ባዶውን የሚመለስ ሰው መቼ አይቼ ነው?

በየዓመቱ መኪናዋን ከወንዟ ማዶ አቁሜ ከአክስቴ ከዙሃራ ጋር በጆንያ እንጣላለን። እሷ ትጭናለች፣ እኔ አወርዳለሁ። ዛሬም ገና ሳንነጋገር አንድ ኩንታል ድንች አስጫነች። ሄጄ ባሌስትራውን አየሁት። አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ የፍሬምናጦስ ነገር ትዝ አለኝ… ጭነት ነው የሚወደው።

«ጨምሪ አክስቴ።»

«ምን አልክ?»

«ሌላ የለም?»

«ይሄ ልጅ ታሟል» አለች ለእማ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። በርበሬ መጣ፣ ቆጮ መጣ፣ ድንች ተጨመረ። በመጨረሻ አንድ ሙክት። ስድስት ኩንታል ሲሞላ ጭራዋ ወርዶ ልክ ከፊቷ ጋር እኩል ሆነች። መንደሩ ውስጥ ሞከርኳት፣ መዝለል የለም። ጥጥ!

እማ በእግሯ ከቤቷ ወጥታ፣ በሯ ላይ ተሳፈረች። መኪናዋ ወንዟን ከነጭነቷ ተሻገረች፣ ስኮርታዋ ድንጋዩን ሳትነካ። ቡታጅራ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ልደታ ግቢያችን ገብቼ ነው የቀሰቀስኳት።

«ምነው ቆምክ? ገና አሁን ተነስተን?»

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ብሎኩ በሙሉ ድንች እየበላ ነው። ነጋም በርበሬውን ተቀብሏል። ስለ መኪናዬ ክፉ አይናገርም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሞራው ተገፎ የቀኝ ዓይኗ ፋሻ ትናንት ተነሳ። መጀመሪያ ሰሚራን አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት። «ውይ! አፍንጫሽን ከኔ ነው የወሰድሽው!» ሰባት ዓመት ሙሉ በእጇ ብቻ የምታውቀው ፊት…

ዛሬ ጠዋት አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ቆማ ታች ታያለች። ታክሲ፣ ልብስ ማድረቂያ ገመድ፣ ሰው፣ ሁሉንም ትቆጥራለች። ድንገት ቆም አለች።

«ሙስአብ፣ ያቺ ነጭ መኪና የማን ናት? ቂጧን የሰቀለችው?»

ሳዲያ ሻዩን ከአፏ ረጨችው።

«የኔ ናት እማ። አንቺን ያመጣችሽ።»

ብዙ አየቻት። አልሳቀችም።

«ባዶ ሆና ነዋ እንዲህ የሆነችው። ስትመልሰኝ ጫንባት።»

«ምን ልጫንባት?»

«ቀለም። ቤቴም በሬም ይቀባ። በሬ ግን ሰማያዊ ይሁን፣ ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ላየው።»

ሱቅ እንደገባሁ ሰማያዊውን ከመደርደሪያ አወረድኩ። አራት ባልዲ። ጥግ ላይ ለብቻው አስቀምጬ «ተሸጧል» ብዬ ጻፍኩበት።