ያልተገደበው የቀረ ሰሞን

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

እንደ ወትሮው ነው የዋልነው። ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ፣ ከእህቴ ከሰብሊ ጋር በቪዲዮ። እሷ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም። ወሬ እንኳ የለንም። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ልብስ እተኩሳለሁ። አንዳንዴ "አለሽ?"… "አለሁ"። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነን።

ከሰዓት ከስልክ ድርጅቱ መልእክት ገባ። ያልተገደበው የኢንተርኔት ጥቅል ከአርብ ጀምሮ ይቀራል። "አንዳንድ ደንበኞች ከመጠን በላይ በመጠቀማቸው" ይላል። እነማን ናቸው? የእጃቸውን ይስጣቸው!

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ደረስኩበት። የሺአረግ ናት! ፊት ለፊት በር ያለችው። ልጆቼ ይማሩበት ስትለኝ ኢንተርኔቴን በሆትስፖት ከፈትኩላት። ጎረቤትን እምቢ ይባላል? ይኸው ካርቱን ሲያዩበት ከረሙ።

ደረጃው ላይ ይዣት አፌን ለቀቅኩባት። "አንቺ ነሽ ያስዘጋሽብኝ!"

"እኔ? እትዬ መብራት፣ እኔ እኮ…"

አላስጨረስኳትም። ልጆቿ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ኅዳር 5፣ አርብ

ቀረ። ቤቱ ጭር አለ። ቴሌቪዥን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ምሳ አልበላሁም… ለማን ብዬ?

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ቦሌ ሚካኤል ያለው የስልክ ድርጅቱ ሱቅ ሄድኩ። የምታስተናግደው ልጅ "እማማ" አለችኝ። ገና በስልሳ ሁለት ዓመቴ! ስልኬን ተቀብላ ነካ ነካ አደረገችው።

"ሆትስፖቱ ያን ያህል አልበላም። የቪዲዮ ጥሪ ነው የፈጀው። ቤትዎ ስንት ሰው ነው?"

"ብቻዬን ነኝ።"

ትንሹን ጥቅል ሞላችልኝ።

እኛ ነን ማለት ነው? እኔና ሰብሊ? እነሱስ ቢሆኑ "ያልተገደበ" ብለው ሸጠው ሲያበቁ በዛብን ይላሉ እንዴ! ተናደድኩ። ግን የሺአረግ ምን አደረገችኝ? ስመለስ ደረጃው ላይ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። አልፈርድባትም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለሰብሊ ደወልኩ። አሥር ደቂቃ ብቻ። ደህና ነሽ? ደህና። ብርዱስ? አለ… ከዚያ የምንለው አጣን። እንባዬ መጣ።

"ናፈቅሽኝ እኮ። እንደ ድሮው አብረን ብንውል።"

"መብሬ… አትቀየሚኝ። ቀኑን ሙሉ መታየት ደክሞኝ ነበር። ጋደም ስል እንኳ ታይኛለሽ። ጎረቤት ይመጣና ስልኩን ሲያይ ይመለሳል። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው የቻልኩት።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሁለት ዓመት።"

እኔን የሚጠይቅ ጎረቤት መጥቶ አያውቅም። እኔስ የማንን ቤት ጠይቄ አውቃለሁ?

ኅዳር 12፣ አርብ

ሚካኤል። ሰው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። ምን ብዬ ልግባ?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዬን አጣፋሁና የየሺአረግን በር አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ። ጥፋተኛዋ።"

ቁልፉ ዞረ። ከፈተች።