ጣሪያዋን አይተው ፍሬኗን ለረሱት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎ ያማረ፣ ጉልበትዎም የማይንቀጠቀጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ እኔ ሦስቱንም ካጣሁ ሰንብቻለሁና ዋጋቸውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ይህን በጋዜጣ የምጽፍልዎ፣ ቁልቁለት ምን እንደሆነ ለተማሪዎች ሳስረዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ባለፈው ወር በጽሕፈት ቤትዎ ‹ብቁ› ተብላ ቦሎ የተለጠፈላት የዚያች ጣሪያዋ የሚከፈት ቀይ አሮጌ መኪና ባለቤት አባት ነኝ።

እንዳልዋሽ፣ ደስታዋን አልክድም። ልጄ በገዛ ደመወዟ ገዝታ ግቢ ያስገባቻት ዕለት፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ታጥፎ ሲገባ፣ ነፋሱ ባርኔጣዬን ይዞብኝ ሲሄድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ሲያየን፣ ያለ ዕድሜዬ ከት ብዬ ስቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የጣሪያው ሞተር ተቃጠለ፤ ሞተሩ ሲቀየር በዳር በዳሩ ያለው ላስቲክ ውሃ ማስገባት ጀመረ፤ ላስቲኩ ሲቀየር የበሩ መስታወት አልወርድም አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ‹ዶክተር› የሚለው መካኒካችንም አንዱን እያዳነ ሌላውን እየገደለ፣ የልጄን ደመወዝ እሷ ሳታየው ይረከብ ጀመር። ዝናብ ሲመጣ መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ቤተሰብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ይህ ሁሉ ግን የኪስ ነገር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ስለሆነ፣ በአክብሮት በየተራ ላቅርበው።

አንደኛ፤ ስለ ደማቁ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። መኪናዋን ለምርመራ ያመጣናት ዕለት አንዱ መርማሪዎ ልጄን እስቲ ጣሪያዋን ክፈቻት ቢላት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ግቢ ወጣ፤ እርስዎም የሻይ ብርጭቆዎን እንደያዙ ከቢሮዎ ወርደው አደነቁ፤ አልበቃ ብሎዎትም እላይኛው ፎቅ ላይ የምትሠራውን ሴት ልጅዎን አስጠርተው፣ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጠው ፎቶ አነሷት። ጣሪያው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ አሁንም እስቲ ተባለና ተከፈተ። ከዚያ ማኅተሙ ተመታ። ፍሬኗን ረግጦ ያየ ግን አንድም የእግዜር ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ስለ ማኅተምዎ ክብደት አመሰግናለሁ። ዶክተሩ የፍሬኑ ቱቦ ተሰነጣጥቋል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ሳይቀየር እንዳትነጃት ብሎ ቢለምናት፣ ልጄ ጋራዥ መቼ በሽታ ያጣል፣ ባለሙያዎቹ ብቁ ናት ብለው የለም ወይ ብላ፣ ለፍሬኑ የሚሆነውን ገንዘብ ለጣሪያው አዲስ ሸራ አዋለችው። አንቀልባ ላይ ሆና ያባበልኳት ልጅ ዘንድ የእኔ ቃል ከእርስዎ ማኅተም በታች መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ስንመለስ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገብቶ ቀረ። ረገጠች፤ ደግማ ረገጠች፤ መኪናዋ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረች። ከታች ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው መንገድ ይሻገራሉ። እግሬ በእኔ በኩል የሌለውን ፍሬን ይረግጣል። ልጄ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ስባ፣ የዳቦ ቤቱን ግድግዳ እየፋቅን እንደ ምንም ቆምን። እሷ ቆመች እኮ አባዬ ብላ ሳቀች፤ እኔን ዳቦ ጋጋሪው በብብቴ ይዞ አወጣኝ። በማግስቱ ዘይት አስሞላችና በቃ ዳነች አለች። ይህን ጉድ ለእናቷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እሷ ጋዜጣ ስለማታነብ ለእርስዎ መንገሩ ቀለለኝ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ሳይጮህ ሲቆይም እፈራለሁ።

አራተኛው እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። የፊታችን ቅዳሜ ልጄ ጣሪያዋን ከፍታ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ሐይቁ ልትወርድ ተቀጣጥራለች። ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ ታመምኩ ብዬ ብተኛም ሾርባ ሠርታ አጠጣችኝና ቀጠሮዋን አጸናች። ቁልፉን ብደብቅ ለካስ ሁለተኛ ቁልፍ አላት። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላው ባለጉዳይ መኪናዬን አሳልፉልኝ ብሎ ደጅ ሲጠናዎት፣ እኔ በሞቴ ጣሏት ብዬ ደጅ እጠናዎታለሁ፤ እባክዎ መልሰው ያስጠሯትና ፍሬኗን አንዴ ብቻ ይርገጡት፤ ከዚያ ያንን ቦሎ በገዛ እጅዎ ይላጡልኝ።

ለጣሪያ ከቢሮ የወረዱ እግሮችዎ ለፍሬንም አንድ ቀን እንዲወርዱ እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮትና ከማይለቅ ፍርሃት ጋር፣

የ‹ብቁ›ዋ መኪና ባለቤት አባት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ከልጄ ጋር የምትሄደው ጓደኛዋ ማን እንደሆነች መጥቀሱን ዘንግቼው ነበር። በምርመራው ዕለት የፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀመጧት ልጅዎ ናት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ አልተለያዩም። ትናንት እቤት መጥታ ስለነበር፣ እንደ ልጄ ቆጥሬ እባክሽ ቅሪ ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ አይዞዎት አባባ፣ መኪናዋን ያሳለፋት እኮ አባቴ ነው ብላ አጽናናችኝ።